ዓድዋን ጠረጴዛ ላይ ያቆምንባቸው ቅዳሜዎች

እንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃም ከተማ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤቱ እራት ጋበዘኝ። ጡረታው የተቃረበ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። በልተን ስንጨርስ ሳህኑን አነሳሳና ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ዘረጋ። ከመደርደሪያ ሁለት ካርቶን አወረደ። ውስጣቸው በስፖንጅ መሀል የቆሙ ወታደሮች ሞልተዋል። ቁመታቸው ከአውራ ጣቴ አንድ አንጓ አይበልጥም። ግን የኮታቸው ቁልፍ ይቆጠራል። የአንዱ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ጭቃ አለው። ሆን ብሎ ነው የቀባለት።

«ዋተርሎ ነው። 1815» አለኝ።

እስከ እኩለ ሌሊት ተጫወትን። በር ድረስ ሲሸኘኝ «የእናንተስ ትልቁ ጦርነት የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ዓድዋ አልኩት። ፊቱ በራ። የጣሊያኑን ዋና አዛዥ ባራቲየሪን፣ ከሱ ሥር ብርጌድ የመራውን አልቤርቶኔን፣ የኛውን ራስ አሉላን በስም ጠራልኝ። ከዚያ «አልቤርቶኔ ለምን ብቻውን ቀድሞ ሄደ ትላለህ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የካቲት 23 በመጣ ቁጥር የማከብረው ድል እንዴት እንደተገኘ በቅጡ አላውቅም ነበር። እዚህ ነገር ውስጥ የገባሁት በዚያች ጥያቄ ነው። አሁን ስምንት ዓመት ሆነኝ።

ሰሞኑን እዚህም አዲስ አበባም ያሉ ልጆች እንዴት እንጀምር እያሉ ይጠይቁኛል። የማውቀውን ልንገራችሁ። የተሳሳትኩትንም ጭምር፣ እናንተ እንዳትደግሙት።

ጨዋታውን አይታችሁ ለማታውቁ ባጭሩ እንዲህ ነው። በታሪክ የተደረገ አንድ ውጊያ ትመርጣላችሁ። የሁለቱን ወገን ወታደሮች ቀብታችሁ ታሰልፋላችሁ። ጠረጴዛው ላይ ተራራና ሸለቆ ትሠራላችሁ። ከዚያ ተራ በተራ በሜትር እየለካችሁ ታንቀሳቅሳላችሁ። እግረኛ በአንድ ተራ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሄድ ፈረሰኛ 30 ይሄዳል። አሥራ ሁለት ሰው ሲተኩስ አሥራ ሁለት ዳይስ ይጣላል፤ 5 እና 6 የወጣው መታ ማለት ነው። ብዙ ሰው የወደቀበት ክፍል ደግሞ ወኔው ይፈተናል። ዳይሱ ካነሰበት ወደ ኋላ ይሸሻል። የደንብ ዓይነት ብዙ ነው፣ መሠረቱ ግን ይኸው ነው።

ሰንጠረዥ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም። በጥንቱ የኛ ሰንጠረዥ «ወረራ» የሚባል ነገር ነበረ። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እኩል ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ያስተካክላል። የጠረጴዛ ውጊያ ስጫወት ብዙ ጊዜ ይህ ትዝ ይለኛል። ግማሹ ጨዋታ የሚያልቀው ገና ጥይት ሳይተኮስ፣ አሰላለፉ ላይ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ስህተቴ ልምጣ። ሞቅ ሲለኝ 200 የብረት ወታደር ባንድ ጊዜ አዘዝኩ። ባለ 28 ሚሊ ሜትር ነበሩ። በዚህ መጠን አንዱ የብረት ወታደር ዛሬ 2 ፓውንድ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። ኖቲንግሃም የዚህ ነገር መናኸሪያ ናት። ጌምስ ወርክሾፕ፣ ዋርሎርድ ጌምስ፣ ፔሪ ሚኒያቸርስ የሚባሉት ወታደር ሠሪ ኩባንያዎች መቀመጫቸው እዚሁ ነው። ሱቅ ገብቶ ባዶ እጅ መውጣት ያስቸግራል። ያ ሁሉ ብረት አልጋ ሥር አንድ ዓመት ከመንፈቅ ተኛ። ካርቶኑን ባየሁት ቁጥር ልቤ ይከብደኝ ነበር።

ያዳነኝ ያው ባልደረባዬ ነው። አንድ ቀን መጣና ከካርቶኑ አሥራ ሁለት ብቻ ቆጥሮ አወጣ። የቀረውን ወደ ቤቱ ይዞት ሄደ። «እነዚህን ስትጨርስ ሌላ አሥራ ሁለት እሰጥሃለሁ» አለኝ። በሦስት ሳምንት ጨረስኩ። ስለዚህ ምክሬ ይኸው ነው። በ24 ጀምሩ። አሥራ ሁለቱ ለአንዱ ወገን፣ አሥራ ሁለቱ ለሌላው። የቃኚዎች ግጭት ይሆናል፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቦታ ይበቃዋል። ጓደኛችሁ አንዱን ወገን ቢቀባ ደግሞ ሥራው በግማሽ ይቀንሳል። ተቀብቶ ያለቀ ትንሽ ጦር ካርቶን ውስጥ ካለ ትልቅ ጦር ይበልጣል።

ገንዘቡ ከከበዳችሁ ወረቀትም ይሆናል። አዲስ አበባ ያለ የእህቴ ልጅ ወታደሮቹን ራሱ ስሎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ቆርጦ በቆርኪ ላይ ለጠፋቸው። ቆርኪው ያቆማቸዋል። ደንቡን በቴሌግራም ላክሁለት። ፎቶውን ሲልክልኝ ከኔ የብረቱ ጦር ይልቅ የሱ ነው ያኮራኝ።

ቀለም ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሐበሻ ሠራዊት ፈተናው ቀለም ነው። ሁሉም ነጭ ለባሽ ነው። ጥብቆው ነጭ፣ ሱሪው ነጭ፣ ኩታው ነጭ። ጀማሪ ሰው ነጭ ቀለም ገዝቶ በቀጥታ ይለቀልቃል። ውጤቱ ኖራ የተቀባ ይመስላል። እጥፋቱ ይጠፋል፣ ልብሱ ልብስ መሆኑ ይቀራል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ መላውን ልብስ ግራጫ የቀላቀለ ፈዛዛ ቡኒ እቀባዋለሁ። ሲደርቅ በውሃ የቀጠነ ቡኒ ቀለም እለቅበታለሁ። እሱ ራሱ እየወረደ እጥፋቱ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ የጎደጎደውን ቦታ ሳልነካ፣ ከፍ ከፍ ያለውን ብቻ በፈዛዛ ነጭ። ንጹህ ነጩን ትከሻው ላይና የእጥፋቱ ጠርዝ ላይ ብቻ ጠብ አደርገዋለሁ። ቀለሙ ሁሌም ወተት ያህል ይቅጠን። ሁለት ቀጭን ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል።

ጃኖው የራሱ ጥበብ አለው። የመኳንንቱ ኩታ ላይ ያለችው ቀይ ጥለት ቀጥ ብላ እንድትወርድ በመጀመሪያ ብዙ ወራት ታግያለሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ መስመሩ ይጎብጣል። መላው የተገኘው ነገሩን ስገለብጠው ነው። ቀዩን አስቀድሜ ሰፋ አድርጌ እቀባለሁ። ከዚያ ግራና ቀኙን በነጩ እየከረከምኩ አጠብበዋለሁ። ነጩ ቀዩን ቀጥ ያደርገዋል። አሁን በጣም ቀጭን ብሩሽ እንኳ አያስፈልገኝም፤ ጫፉ ያልተበተነ መካከለኛ ብሩሽ ይበቃል።

የሰው መልክ ላይ ግን አደራ እላችኋለሁ። በየትርኢቱ ያየኋቸው የኢትዮጵያ ሠራዊቶች ብዙዎቹ ፊታቸው አንድ ወጥ ነው። ከአንድ ጠርሙስ የወጣ ጥቁር ቡኒ ብቻ። የቀቡት ሰዎች ክፋት ኖሯቸው አይደለም፣ አላዩንም። እኔ አራት ብልቃጥ አዘጋጀሁ። ጥቁር፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ቀይ። ቋንቋችን ራሱ የቀለም ዝርዝር ሰጥቶናል። አሥራ ሁለቱን ሰው ስቀባ እያፈራረቅሁ ነው። ረድፉን አሰልፌ ሳየው የሠፈር ሰው ይመስለኛል። አንዱ አያቴን ቁጭ ብሏል፤ እሱን ዳይስ ሲጥለው እንኳ ከሌሎቹ ለይቼ ነው የማነሳው።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። የድሮ የብረት ወታደሮች እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለባቸው ናቸው። ሞርዳችሁ ስታለሳልሱ ዱቄቱ ምግብ አጠገብ አይሁን፣ እጃችሁን በደንብ ታጠቡ፣ ሕፃን ባለበት ቤት ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። የሚረጨውን መሠረት ቀለም ደግሞ ደጅ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍናችሁ፣ በደረቅ ቀን ርጩ። እኔ በኅዳር ብርድና ጭጋግ በረንዳ ላይ 30 ወታደር ረጨሁ። ቀለሙ አሸዋ የተነሰነሰበት መሰለ። ሁሉንም አጥቤ እንደገና ጀመርኩ።

ሜዳውን መሥራት ከምታስቡት ይቀላል። ቤት ሙቀቱን እንዲይዝ ግድግዳ ውስጥ የሚገባውን ወፍራም ፎም በከተር ትቆርጣላችሁ፣ በኮላ ታያይዛላችሁ፣ አሸዋ ትነሰንሱበታላችሁ፣ ቡኒ ትቀባላችሁ። አምባ ለመሥራት ደግሞ ፎሙን በቢላ ከመቁረጥ ይልቅ ጠርዙን በእጅ መገንጠል ይሻላል። የተገነጠለው ገደል ይመስላል። ቁጥቋጦው የገላ መታጠቢያ ስፖንጅ ነው፣ ተቆራርጦ ተቀብቶ።

እዚህ ላይ ነው የባልደረባዬ ጥያቄ የተመለሰልኝ። ትልቁን ዓድዋ ለመጫወት ወደ 15 ሚሊ ሜትር ወታደሮች ወረድን። ጠረጴዛችን ርዝመቱ 1 ሜትር ከ80 ነው። 12 ኪሎ ሜትር ይወክል ብለን ወሰንን። ስለዚህ 15 ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ሆነ። የዚያ ዘመን ጠመንጃ በጅምላ ተተኩሶ ጉዳት የሚያደርሰው እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ በጠረጴዛችን ላይ የአንድ ብርጌድ የጠመንጃ እሳት አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1896፣ በኛ የካቲት 22 ማታ ባራቲየሪ ወደ 17,700 ሰውና 56 መድፍ ይዞ ተነሳ። በስተቀኝ ዳቦርሚዳ፣ መሀል አሪሞንዲ፣ በስተግራ አልቤርቶኔ፣ ከኋላ ኤሌና የየራሳቸውን ብርጌድ ይመራሉ። ሐሳቡ ሲነጋ ከፍታዎቹን ጎን ለጎን ይዞ መገኘት ነበር። ለአልቤርቶኔ የተሰጠው ኮረብታ በካርታው ንድፍ ላይ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ ተጽፏል። ንድፉ ግን ስህተት ነበር። ሲደርስ መንገድ መሪዎቹ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ገና ከፊት ነው አሉት። ቀጠለ።

አልቤርቶኔን የደረሰበት ቦታ ላይ አስቀመጥኩትና ከአሪሞንዲ ያለውን ክፍተት በሜትር ለካሁ። 6 ወይም 7 ኪሎ ሜትር ማለት አንድ ሜትር ሊሞላ ምንም ያልቀረው ነው። የጠረጴዛው ግማሽ። እሳቱ ስንዝር አይሞላ፣ ክፍተቱ አንድ ሜትር። ቆሜ አየሁት። ስንት ጊዜ ያነበብኩት ነገር በዚያች ደቂቃ ገባኝ። ያ ሁሉ ጦር በአንድ ቦታ አልነበረም። እርስ በርሱ ሊረዳዳ የማይችል የተለያየ ጦር ነበር። የኛዎቹም አንድ በአንድ ገጠሙት። ይህን ያወቁት ደግሞ በዚያው ማለዳ፣ የጊዮርጊስ ዕለት ቅዳሴ ላይ እያሉ ወሬው ሲደርሳቸው ነው። ፈጥነው የወሰኑበት ነገር ያኔ ይበልጥ ገዘፈብኝ።

ነገር ግን የመጀመሪያው ጨዋታችን ከሸፈ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሁሉም ሁሉን ያያል። የጣሊያንን ወገን የያዘው ጓደኛችን ክፍተቱን አይቶ ወዲያው ብርጌዶቹን ሰበሰበ። ማንም ጤነኛ ሰው እንዲያ ነው የሚያደርገው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተራራ ላይ ተፋጠን ቀረን። ዓድዋ ስሙ ብቻ ነበር።

መፍትሔው ዳኛ ነው። አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1824 የጀርመኗ ፕሩሲያ ጦር መኮንኖቹን ለማሠልጠን የተቀበለው የካርታ ጨዋታ ዳኛ ነበረው። ተጫዋቾቹ የሚያዩት ዳኛው ያሳያቸውን ብቻ ነው። እኛም በሁለተኛው ሙከራ እንደዚያ አደረግን። ዳኛው እኔ ሆንኩ። የጣሊያን አዛዦች ሦስት ሰዎች ሆኑ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ንድፍ ተሰጣቸው። መነጋገር የሚችሉት በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ለኔ በመስጠት ብቻ ነው። ወረቀቷ ከአንድ ተራ በኋላ ትደርሳለች። ኢትዮጵያን ሁለት የኛ ልጆች ያዙ፣ አንደኛው የአውቶቡስ ሹፌር፣ አንደኛዋ ነርስ። ሠራዊቱ ጠረጴዛ ላይ የሚወጣው ጠላት ሲያየው ነው።

ታሪኩን የሚያውቅ ተጫዋች እንዳይጠነቀቅ አንድ ነገር ጨመርኩ። ሦስት ኮረብታ አዘጋጀሁ። እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት የትኛው እንደሆነ ለብቻዬ በዳይስ አወጣሁ። ንድፉ ልክ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። አልቤርቶኔን የያዘው ሰው የመጀመሪያው ኮረብታ ላይ ሲደርስ ጆሮው ሥር «መንገድ መሪዎቹ ወደ ፊት ነው እያሉ ነው» አልኩት። ንድፉን አየ፣ ኮረብታውን አየ። ብዙ አሰበ። ከዚያ ወታደሮቹን አንድ በአንድ ወደ ፊት ገፋቸው።

ከሁለት ተራ በኋላ ከፊቱ ሠራዊቱ ወጣ። «ቶሎ ድረሱልኝ» ብሎ ጻፈ። አሪሞንዲን የያዘው ወረቀቷ እስክትደርሰው ከኔ የሚሰማው «ከሩቅ የመድፍ ድምፅ አለ» የሚል ብቻ ነው። ቁና ቁና ይተነፍስ ነበር። ወረቀቷ ስትደርስ የአልቤርቶኔ መስመር ተሰብሮ ነበር። ዳቦርሚዳን የያዘው ሰው ግን እንደ ታሪኩ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ አልወረደም። መሀል ጠጋ። ስለዚህ በኛ ጠረጴዛ ላይ ግማሹ የጣሊያን ጦር በሥርዓት አፈገፈገ። ከጨዋታው በኋላ ሁለት ሰዓት ያወራነው ስለዚህ ነው።

የኢትዮጵያን ወገን የ100,000 ሰው ሠራዊት ቀብቶ መጨረስ አይታሰብም። እኛ ያለን 240 ነው። ተመትቶ የወጣ ክፍል ከሁለት ተራ በኋላ ከጠረጴዛው ጠርዝ እንደ አዲስ ጦር ይገባል። ለጣሊያኑ ተጫዋች ማለቂያ የሌለው ይመስለዋል። ያኔም እንደዚያ ነበር የመሰላቸው።

የጓደኛሞች ነገር ላይ የተማርኩትም አለ። በጨዋታው ደንብ ትርጉም ላይ ክርክር ከተነሳ ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ ዳይስ ይወስን። መጽሐፉ ነገ ይገለጣል። የሌላ ሰው ወታደር ሲነሳ ከመቆሚያው ነው፣ ጦሩን ወይም ጠመንጃውን ይዞ ማንሳት ይሰብራል። ምግቡ ከጨዋታው በፊት ይበላ። ቡናው በሌላ ጠረጴዛ።

ከዚህ የከበደም አለ። የአልቤርቶኔ ብርጌድ ቀይ ታርቡሽ ያደረጉ፣ ባዶ እግራቸውን የሄዱ፣ ለጣሊያን የተሰለፉ አስካሪዎች ነበሩ። ሐበሾች ናቸው። ከተማረኩት ብዙዎቹ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። ወላጆቹ ከአስመራ የመጡ ጓደኛ አለን። የዚያን ቀን «እነሱን እኔ ልምራቸው» አለ። ሰጠነው። ከዚያ ወዲህ ሲወድቁ ጠረጴዛው ላይ ማንም አያጨበጭብም። ልጆች ሲጠይቁንም የሆነውን እንነግራቸዋለን።

ባለፈው የካቲት 23 ጠረጴዛውን የኮሙኒቲው አዳራሽ ወሰድነው። አንድ አባት ከቅዳሴ መጥተው ለረጅም ጊዜ አጎንብሰው አዩ። «ልጄ፣ ገበየሁ የቱ ነው?» አሉኝ። ፊታውራሪ ገበየሁን ለይቼ አልሠራሁትም ነበር። «ይቅርታ አባባ፣ የለም» አልኳቸው። ምንም አላሉም፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ። አጠገባቸው የነበሩ እናት ደግሞ «ውሃ የሚያቀብሉት ሴቶችስ?» አሉ። እነሱም አልነበሩም።

ገበየሁ አሁን አለ። ጎፈሬውን ሦስት ጊዜ ቀባሁት። የእቴጌ ጣይቱን ሴቶች ግን ገና በሥራ ላይ ነኝ። ስምንቱ እንስራ አዝለዋል። እንስራዎቹን ከሸክላ ጭቃ በስቲኪኒ ጫፍ ነው የምቀርጻቸው። ደንብም ጻፍንላቸው። እነሱ 15 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከደረሱለት፣ የሸሸ ክፍል ወኔውን እንደገና ለመፈተን አንድ ተጨማሪ ዳይስ ያገኛል። የሚመጣው ቅዳሜ እንሞክረዋለን።